የጌድዮን ታግ

ሰርክ ከአንድ ስም ጋር ስትታገል ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ላምበረት መናኸሪያን ቁልቁል የሚያይ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ለጤና ጣቢያዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። የተሰጣት ሥራ፣ ነርሶች የሕፃኑን ክብደት ሲያስገቡ የመድኃኒቱን መጠን የሚያሰላውን ክፍል ማደስ ነበር። እሱን ከጨረሰች ሰንብታለች። የቸገራት ሥራውን መላክ ነው። ያደሰችውን ሠራተኞቹ ሁሉ ወደሚጋሩት ማከማቻ ልትልክ በሞከረች ቁጥር ኮምፒውተሩ በዚህ ስም የሚጠራ ሁለት ነገር አለ፣ የትኛውን እንደሆነ አላወቅሁም እያለ ይመልስባታል።

አንደኛው የእሷ ሥራ ነው። ሌላው ታግ ነው፤ አንድ ሰው በሥራዋ ስም የለጠፈው ምልክት። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የለጣፊው ስም አብሮ ይታያል፦ ጌድዮን።

ሥራውን ከእሷ በፊት የያዘው ጌድዮን ነበር። የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርድ አዳልጦት እግሩ ተሰበረና ማርያም አጠገብ ካለው ቤቱ ዋለ፤ ሥራው ለሰርክ ተላለፈ። ሰሞኑን ረቂቋን ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር እየተከታተለ፣ እየደወለ ይህን አየሽው፣ ያንን አስተካከልሽው ይላት ነበር። እኔ ሳላየው እንዳይወጣ ያላት ቀን ግን ትዕግሥቷ አለቀና ቁጥሩን ዘጋችው።

ሰኞ ታጉን አጠፋችው። ማክሰኞ ጠዋት ተመልሶ ጠበቃት። አጠፋችው። ከምሳ ስትመለስ ያው ቦታው ላይ ነው። እንደገና አጠፋችው። ረቡዕ ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው እሱኑ ነው፤ ከንዴት የተነሣ እንባ እንባ አላት።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ብዙነሽ መጥተው ጤና ጣቢያዎቹ እየጠበቁ መሆኑን አስታወሷት። ጌድዮን ለእሳቸውም ደውሎ ጥቂት ቀን ይቆይ ብሎ እንደለመናቸው፣ ምክንያቱን ሊያስረዳ ሲጀምር ግን እሳቸው የኮምፒውተሩ ነገር ስለማይገባቸው ከሰርክ ጋር ተነጋገር እንዳሉት ነገሯት።

«እስኪድን ሊያቆየው ነው» አለች ሰርክ። «ተመልሶ በራሱ ስም ሊያወጣው።»

«እንዲህ ያለ ልጅ አይመስለኝም ነበር።»

«እኔም አይመስለኝም ነበር። ይኸው፣ ይዩት።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ጥቂት አሰቡና የጌድዮን የመግቢያ ፈቃድ እንዲዘጋ አዘዙ። ሰርክ ዘጋችው። ታጉን ለአራተኛ ጊዜ አጥፍታ ሥራዋን ላከች። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም። ስድስት ሰዓት ሲሆን አዲሱ ስሌት አሥራ ሁለት ጤና ጣቢያዎች ገብቶ ሥራ ጀመረ። ከሰኞ ወዲህ የበላችው ምግብ የጣማት ያን ቀን ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ብዙነሽ ለጌድዮን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፉ ማስረጃ ጠየቁ። ሰርክ የጠፋውን ታግ ከመጠባበቂያ ቅጂው አውጥታ ሙሉውን አተመችው። እስከዚያ ድረስ ከስሙ አልፋ ውስጡን አይታው አታውቅም ነበር። ወረቀቱን ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ስትሄድ፣ ከስሙና ከቀኑ ሥር የተጻፈ ማስታወሻ እንዳለ አየች። ቆማ አነበበችው።

«ሰርክ፣ ከአሥር ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት ስሌትሽ ነጥቡን ይጥላል፤ የመድኃኒቱን መጠን ሁለት ነጥብ አምስት ማለት ሲገባው ሃያ አምስት ይላል፤ እባክሽ አታውጪው።»