የማይቆለፈው ሱፍ

ፌቨን "ወይ እኔን ወይ ሲጋራህን ምረጥ" ስትለው እሷን መረጠ። ከዚያ ወዲህ በቃ፣ አራራው በመጣ ቁጥር ቆሎ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ቆሎ፣ ቢሮ ቆሎ፣ ቤተክርስቲያን እንኳን ኪሱ ሙሉ ቆሎ። ሠርጉ እሁድ ነው፣ የሙሽራ ሱፉ ደግሞ አልቆለፍ አለ። እየሮጠ ልብስ ሰፊው ጋሽ ድንበሩ ጋ ሄደ።

"ጋሼ፣ ያስፉልኝ። ካልሆነ ወደ ሲጋራዬ መመለሴ ነው። ለፌቨን እንዳይነግሩብኝ ብቻ።"

ጋሽ ድንበሩ ሜትራቸውን ቦርጩ ላይ ጠምጥመው ሳቁ።

"ምን ነካችሁ እናንተ ልጆች? እሷም ጠዋት ቬሎዋ ጠቧት ልታሰፋው መጥታ፣ 'ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ አፌ አላርፍ አለ፤ አደራ ለሱ እንዳይነግሩብኝ' ስትለኝ ነበር። ይሄንንም ረስታዋለች፣ ውሰድላት" አሉና ግማሹ የተበላ የቆሎ ፌስታል አቀበሉት።