የአውቶቡሱ ሰዓት

ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ተናጋሪ፣ የስማዳ ተወላጇ ኢንጂነር እጅጋየሁ፣ ስለ ሴቶች ትምህርት ተናግራ ስትጨርስ በአርብ ገበያ ትምህርት ቤት አዳራሽ የተሰበሰቡትን ተማሪዎች «ጥያቄ ያላት?» አለቻቸው። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ይታይሽ እጇን አነሳች፤ ወዲያው መልሳ አወረደችው። አባቷ ከገበያ ሲመለሱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሊጠብቋት ነበር።

አንዷ ስለ ውጤት፣ ሌላዋ ስለ ሥራ ጠየቀች። ይታይሽ ወደ በሩ ተመለከተች። ማይክራፎኑ አጠገቧ ሲደርስ ቀማችው።

«የደብረ ታቦር አውቶቡስ ጧት ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እጅጋየሁ ግን ልጅቷ ማይክራፎኑን እንደያዘች መልስ ስትጠብቅ ስላየች አልሳቀችም። ከመድረኩ ወርዳ አጠገቧ ቆመች።

«መቼ ልትሄጂ ነው፣ የኔ እህት?»

«ነገ። እሑድ ሊድሩኝ ነው።» ማይክራፎኑ አልጠፋም ነበርና ሁሉም ሰማ።

ሳቁ ቀጥ አለ። እጅጋየሁ ማይክራፎኑን ተቀብላ አጠፋችው።

«አውቶቡሱን ተይው» አለቻት። «አሁኑኑ አብረን ሴቶች ጉዳይ ቢሮ እንሄዳለን። አባትሽንም እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

ይታይሽ ደብተሯን ይዛ ተነሳች። በሩ ጋ ሳይደርሱ፣ ቅድም ከሁሉም በላይ ስትስቅ የነበረችው ልጅ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች።

«እኔንም» አለች፤ «እኔንም ጠብቁኝ።»