ተርቦው ያፏጨበት ዳገት

አንዳርጌ ፒክአፑን ሲያስነሳ፣ መካኒኩ በመስኮቱ አጎንብሶ «የሞተሩ ተርቦ ኩሽኔታው አልቋል» አለው። «ካስጨነቅኸው ዘንጉ ተሰብሮ መንገድ ያስቀርሃል። ቀስ ብለህ ውጣ። ስትደርስም ቶሎ አታጥፋው፤ ዘይት ያግኝ።»

ሆስፒታል የሚያደርሳቸው ሌላ መኪና አልተገኘም። ከኋላ ወንበር ላይ ትንፋሽ ያጠራት ሚስቱ ጥሩዬ በእናቷ ጭን ተጋድማለች።

ድልድዩን ተሻግሮ የዓባይን በረሃ ዳገት ተያያዘው። ተርቦው ባፏጨ ቁጥር እግሩን ከነዳጁ ላይ ያላላል። መሮጥ እያማረው ያዘግማል።

«እማዬ፣ እንዴት ናት?» ይላል በየመታጠፊያው።

«ተኝታለች። አንተ ብቻ ገደሉን እያየህ ንዳ፣ ልጄ» ይሉታል አማቱ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደና የኋላውን በር በረገደው።

«ደረስን፣ ጥሩዬ! ተርቦው አላሳፈረንም!»

አማቱ ከልጃቸው ፊት ላይ ነጠላቸውን አላነሱም።

«ድልድዩን እንደተሻገርን ነው ያረፈችው» አሉት ቀስ ብለው። «ያ ሁሉ ገደል ከፊትህ እያለ እንዴት ልንገርህ? ባንድ ቀን ሁለት ልጅ መቅበር አልችልም ብዬ ነው።»