ዓይን ጨፍኖ ማማሰል

«የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት አሉ፤ ዓይኗ ነው የሚያረጋው» ይል ነበር ጋሽ ድንበሩ አብራን ስለምትሠራው ልጅ፣ ላቦራቶሪያችን ለገባ ሁሉ። ሻይ ለምታመጣዋ ሴት ሳይቀር ነግሯታል።

ሥራችን ቀላል ነው። ደቃቅ ጠጠር፣ ጥቂት ሲሚንቶ፣ ውሃና የአስፋልት ፈሳሽ ኩባያ ውስጥ ጨምረን እናማስላለን። ሦስት ደቂቃ ሳይረጋ ከቆየ ለመንገዱ ይሆናል። የሁላችንም ይቆያል፤ የዚያች ልጅ ግን አርባ ሰከንድ ሳይሞላው ይረጋል።

«እንግዲያው ዓይኔን ጨፍኜ ላማስል» አለች አንድ ቀን። ጨፈነች። ሰዓት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በሠላሳ ስምንተኛው ሰከንድ ማንኪያው ተገትሮ ቀረ።

«አይ እቴ! የአንቺ ዓይን እኮ በቆቡም ውስጥ ያያል» አላት ጋሽ ድንበሩ። ሳቅን። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ።

አለቃችን ኢንጂነሩ በቡዳ አያምንም፤ የተማረ ሰው ነው። ስለዚህ «እጇ ለሥራው አይሆንም» ብሎ ጽፎ አሰናበታት። ጋውኗን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የትም ብትሄድ የቀጠራት የለም፤ ወሬው ቀድሟት ይደርሳል።

በሳምንቱ አስፋልቱ መንገዱ ላይ ሳይፈስ በማንጠፊያው ማሽን ሆድ ውስጥ ድንጋይ ሆነ።

«በዚያ በኩል አልፋ ይሆናላ!» አለ ጋሽ ድንበሩ።

ጠረጴዛዋ ለእኔ ተሰጠ። መሳቢያው ውስጥ ደብተሯን አገኘሁት። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሌሎቹ የሚያማስሉት ከሱቅ በተገዛ የታሸገ ውሃ ነው። መንገዱ ሲሠራ ድብልቁ ውስጥ የሚገባው የጉድጓዱ ውሃ ስለሆነ እኔ ከዚያ እየቀዳሁ ነው የማማስለው።»

ከሥሩ «አይቼዋለሁ» የሚል አለ፣ ከኢንጂነሩ ፊርማ ጋር።