ካርዱ ላይ ያለው እግር

«እስቲ በፈጠረሽ፣ ይሄ ወፍራም ባት የኔ ይመስላል?» አለች ተዋናይዋ፣ ከሲጋራ ፓኮ የወጣችውን ትንሽ የፎቶ ካርድ እያርገበገበች። አንድ አድናቂ እንድትፈርምለት በኒውዮርኩ ቲያትር የጓሮ በር የላካት ካርድ ነበረች። «ትምባሆ ሊሸጡብኝ ፊቴን ቆርጠው የዓሣ ሻጭ እግር ቀጠሉልኝ!»

አልባሿ ተንበርክካ የተዋናይዋን ጫማ እያሰረች ነበር። ቀና ብላ ካርዱን አየችው። ፊቱ የእመቤቷ ነው። ከግራው ጉልበት በላይ ግን ሁለቴ የተቋጠረ ሪባን አለ። ያንን ቋጠሮ ታውቀዋለች፤ የረጅም ካልሲዋ ማያያዣ ቢሰበርባት በጥርሷ ስባ ያጠበቀችው ራሷ ናት። ባለፈው ፋሲካ የተዋናይዋ ፎቶ አንሺ «አንቺም እኮ ቆንጆ ነሽ፣ ነይ ላንሳሽ» ብሎ ግማሽ ቀን ሲያቆማት ውሎ፣ በሳምንቱ «ፎቶሽ ተበላሽቷል» ያላት ጊዜ ነው።

«እሜቴ፣ እግሩ የኔ ነው» አለች።

ተዋናይዋ ከት ብላ ሳቀች። «ያንቺ? እንግዲያማ ደስ ይበልሽ! በኔ ፊት አገር ለአገር ዞርሽ።» ያን ሁሉ ስትራገም እንዳልቆየች፣ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከዳር እስከ ዳር ፈረመችበት።

የአልባሿ ደም ፈላ። የጫማውን ክር ሳትቋጥር ተወችና ተነሳች።

«በዚህ እግር ቆሜ ነው አሥራ ሁለት ዓመት ያለበስኩሽ!»

ብዕሩን ከተዋናይዋ እጅ ነጠቀች። ከዚያም ከጉልበቱ ሥር፣ እያንዳንዱን ፊደል ረግጣ ረግጣ የራሷን ስም ጻፈች፦ ዴልያ ኩዊንላን።