ከግንቡ ሥር የቆመችው

ወርቅነሽ የመጨረሻዎቹን ኩባያዎች ስታለቀልቅ ጣቶቿ ከደነዘዙ ቆይተዋል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ለሰንበትም አያዝንም። የሰንበቴው ተራ ዛሬ የእሷ ነበር። ጠላውን የጠመቀችው፣ ድፎውን የጋገረችው፣ ከቅዳሴ በኋላም ካህናቱንና ማኅበርተኛውን ስታበላና ስታጠጣ ያረፈደችው እሷ ናት። ማኅበርተኛው በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ዕቃ ላጥብ ብሎ የቀረ የለም። ምርቃት ደግ ነገር ነው፤ ጉልበት ግን አይጠግንም።

ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት ጋሽ ዘውዴ ሲሰናበቷት ከዛሬ ወዲያ ተራ እንደማትይዝ ነገረቻቸው። እሳቸው ይህን አምናም እንዳለች አስታውሰው እየሳቁ ሄዱ። ዘንድሮ ግን የምሯን ነበር። ለባል ስትደክም፣ ለልጆች ስትደክም፣ ለማኅበር ስትደክም ኖራ አሁን አዲስ ሸክም የሚባል ነገር መስማት አትፈልግም። ቤቷ ገብታ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ማንም ሳይጠራት መዋል ነው ያማራት።

የተረፈውን ዳቦ በጨርቅ ስትቋጥር ያቺ ልጅ ትዝ አለቻት። በየሰንበቱ ከግንቡ ሥር፣ ከሴቶች መግቢያ ራቅ ብላ የምትቆም ልጅ ነበረች። የፋብሪካ ጃኬቷን ከነጠላዋ በላይ ደርባ፣ ሕፃኗን በጋቢ ሸፍና ታቅፋ ቅዳሴው እስኪያልቅ አትነቃነቅም። ለአገሩ እንግዳ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ሆኖም ከአንገት ሰላምታ ያለፈ ቃል የተለዋወጣት አልነበረም።

ክፋት ግን አልነበረም። አራስ ቀኗ ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ይህን የማያውቅ የለም። መጀመሪያ ሲያይዋት ወንድ ወልዳ አርባ ቀን እየጠበቀች ነው አሉ። አርባው ያለፈ ሲመስላቸው፣ ሴት ብትሆን ነው፣ ሰማንያውን እየጠበቀች ነው ተባባሉ። ከዚያ ወዲያ የቆጠረ የለም። አጠገቧ ሄዶ ስንት ቀን ቀረሽ ብሎ አራስ መጠየቅ ነውር ነው። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ገልጦ ማየትማ ዓይን ማሳረፍ ነው። ስለዚህ የደብሩ ጨዋ ሕዝብ አንገቱን ሰበር እያደረገ አለፋት። ወርቅነሽም ከጨዋዎቹ አንዷ ነበረች።

ስትወጣ ልጅቱ ልትሄድ ፊቷን አዙራለች። ወርቅነሽ ጠርታ አስቆመቻትና ቁራሽ ዳቦ ዘረጋችላት። አይዞሽ፣ ቀን ይሞላል ብላ አጽናናቻት። ልጅቱ እጅ ነስታ በሁለት እጇ ስትቀበል ጋቢው ላላ፤ ከውስጡም ትንሽ እጅ ወጣ። ቀጥሎ ጸጉሯ ጥቅል ጥቅል ያለ አንዲት ሕፃን አንገቷን ቀና አድርጋ ብቅ አለች፣ ዳቦውን ከእናቷ እጅ ነጠቀችና በታችኛው ድዷ ላይ ባሉት ሁለት ጥርሶች ትፈቀፍቀው ጀመር።

ወርቅነሽ ክው አለች። አራስ ልጅ ዳቦ አይነጥቅም።

«ስንት ወሯ ነው?»

«ስምንተኛዋን ይዛለች፣ እማማ።»

እናትየዋ ሥርጉት ትባላለች። ከሞጣ መጥታ ክር ፋብሪካ ገብታ፣ እዚሁ ወለደች። የሕፃኗ አባት ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ ድምፁ ጠፋ። የሥርጉት እናት መጥተው ክርስትናውን ያስነሳሉ ተብሎ ሲጠበቅ መንገዱ ተዘጋ። ሰማንያው ሲሞላ አንድ ካህን ጠይቃ የክርስትና እናት ይዘሽ ነይ ተባለች። ማንን ትያዝ? በተከራየችበት ግቢ ያሉት የፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹ በሃይማኖት አይገጥሟትም፣ የቀሩት ፈረቃቸው አያስወጣቸውም። ስለዚህ በየሰንበቱ ሰው በሚያልፍበት ቦታ መጥታ መቆም ያዘች።

«አንድ ሰው ያናግረኛል ብዬ ነበር» አለች ሥርጉት ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። «ሁሉም አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፈኛል። ምን እንዳጠፋሁ ግራ ገባኝ።»

ወርቅነሽ አፈረች። ያፈረችውን ያህል ደግሞ ደከማት። የክርስትና እናትነት የአንድ ቀን ማቀፍ አይደለም፤ ሲታመሙ መሮጥ ነው፣ ዓመት በዓል ሲመጣ ማሰብ ነው፣ እስከ ሠርግና ከዚያም ወዲያ ነው። ቢያንስ ለአንዷ ላስረክብ ብላ ግቢውን ዙሪያውን ቃኘች። ያን ሁሉ ማኅበርተኛ ምድር ውጣዋለች። እግዜር ሥራ ሊሰጥ ሲፈልግ መጀመሪያ ሰው ያሳጣል ብላ በሆዷ አማረረች።

ለምን አፍ አውጥተሽ አልጠየቅሽም ልትል ነበር፤ ዋጠችው። አፍ እንደሆነ እሷም ነበራት።

«ወዲህ በያት» አለች።

ሕፃኗ ከምትመስለው በላይ ትከብዳለች። የወርቅነሽ ጉልበት ተንገራገጨና እንደምንም ጸና። ሕፃኗ አዲስ ፊት አይታ አላለቀሰችም፤ የራሰውን ዳቦ በወርቅነሽ ነጠላ ላይ እየለቀለቀች ሥራዋን ቀጠለች።

አባ ወልደተንሣኤ የደጁን ቁልፍ ይዘው ብቅ አሉ። ሕፃኗን በወርቅነሽ ክንድ ላይ ሲያዩ ቆም አሉ።

«ይህቺ ደግሞ የማን ናት፣ እትዬ ወርቅነሽ?»

«የእኔ ናት፣ አባ። ክርስትና የምትነሳበትን ቀን ይቁረጡልን።»

አባ ሁለቱን ሴቶች በየተራ አዩ፤ ከዚያ ለፊታችን ሰንበት በጠዋት ኑ አሉ። ሥርጉት ባዶ ክንዶቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት፣ አሁንም ልጅ እንደታቀፈች ሁሉ አጥፋቸው ቆማ ቀረች።