የግሬጎር ልጅ

«ማክ ማለት ልጅ ማለት ነው» አሉት የሚያስታምማቸው ሽማግሌ፣ በፍሬም ተደርጎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተሰባቸውን ስም እያሳዩት። «ማክግሬጎር፣ የግሬጎር ልጅ። አንድ የስኮትላንድ ንጉሥ ስሙን ከለከለና የተጠራበት ሁሉ በሞት ይቀጣ ጀመር። አያቶቼ ውጭ በሰው ስም እየተጠሩ፣ ቤት ውስጥ እውነተኛውን ለልጆቻቸው ይነግሩ ነበር። አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

እግራቸውን ሲያሽ የነበረው እጁ ቆመ። ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ ስሙ እንዳይታይ ገለበጠው። ባጁ ላይ ያለው ስም ሱዳን ካምፕ ውስጥ በወባ የሞተ ጓደኛው ስም ነበር። የአሜሪካ ፕሮሰስ ያለቀለት ጓደኛው ነበር፤ በስሙ አውሮፕላን የተሳፈረው ግን እሱ ነው። እዚህ አሜሪካ የተወለደችው ልጁም የዚያን የማታውቀውን ሰው የአባት ስም ላስት ኔም አድርጋ ትጠራበታለች። ዛሬ ጠዋት ሳን ሆሴ ሆስፒታል ገብታ ምጥ ላይ ነበረች።

ጎንበስ ብሎ የራሱንና የአባቱን ስም በሽማግሌው ጆሮ ተናገረ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«ለልጅህ ንገራት» አሉት። «እኔ ስሞት ማን ያውቅልሃል?»

«ዛሬውኑ እነግራታለሁ» አላቸው። ብዙም ሳይቆይ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ።

«ቦይ ነው ዳዲ» አለችው በደከመ ድምፅ። «ሰርፕራይዝ ልናደርግህ ብለን ነው ዝም ያልነው። ያንተን ስም ሰጠነው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፊቱ ሳይነቅሉ ይጠብቁ ነበር። ባጁን መልሶ ገለበጠና፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት።